አፈሩን እናብላው
በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ጓሮ አትክልት የተደረገ ንግግር




እንደምታውቁኝ እኔ የንግግር ሰው አይደለሁም። የግብርና ምሁርም አይደለሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በጓሮዬ ጎመን፣ ቆስጣና ሽንኩርት ሳበቅል የምውል ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ከድንኳን ማስቀመጫችን በስተኋላ ያለችው ባዶ ቦታ ምን ትሁን በሚለው ጉዳይ ላይ ዛሬ ውሳኔ ስለምንሰጥ፣ ኮሚቴው «ያለ ኬሚካል አትክልት ይልማባት የሚሉት እርስዎ ነዎትና መጀመሪያ ነገሩን ያስረዱን» ብሎ አዘዘኝ።

እንደሚታወቀው በመካከላችን ሁለት አሳብ አለ። አንደኛው ቦታይቱ ለመኪና ማቆሚያ ትከራይና ገንዘቡ ወደ ዕድሩ ካዝና ይግባ የሚል ነው። ይህን የሚሉት ወንድሞች ለዕድሩ አስበው ነው፤ አልነቅፋቸውም። ሁለተኛው የእኔና የአንዳንድ እናቶች አሳብ ነው፤ አትክልት ይተከልባት የሚል። የትኛው እንደሚሻል እናንተ ትፈርዳላችሁ። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ጓሮዬን መቆፈር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ጆንያ ዩሪያ ገዛሁ። ብዙ ሲሆን ብዙ ያበቅላል ብዬ በየችግኙ ሥር በእፍኝ በእፍኝ በተንኩት። በሳምንቱ ግማሹ ችግኝ ጫፉ ተቃጥሎ ደረቀ። የተረፈውን ደግሞ ክሽክሽ ወረረው። ስሙ እንኳ በወጉ ያልተጻፈበት መድኃኒት በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ ሲሸጥ አግኝቼ ረጨሁበት። ክሽክሹ ሞተ። በማግሥቱ ግን የጎረቤቴ አራት ዶሮዎች በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው ቅጠሉን ለቃቅመው ኖሮ አራቱም ሞቱ። የዶሮዎቹን ዋጋ ይዤ ስሄድ እናታችን ገንዘቡን አልተቀበሉኝም። «ዶሮዎቹስ ይሁኑ፤ ይኸን ጎመን እኮ እርስዎም ሊበሉት ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ልጆቼም ሊበሉት ነበር። እንግዲህ ነገሩን እንደ አዲስ መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

የተማርኩት ሁሉ ቢጠቀለል አንድ ቃል ነው፦ አፈሩን እንጂ ተክሉን አትመግብ። አፈር ሕይወት ያለው ነገር ነው። በአንድ እፍኝ ጥሩ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ነፍሳት አሉ። እነዚህ የበሰበሰውን ቅጠልና ፍግ እየበሉ ተክሉ ሊወስደው ወደሚችለው ምግብ ይለውጡታል። የመሬት ትል ደግሞ አፈሩን እየበሳ አየርና ውሃ ያስገባል። ዩሪያ ተክሉን በቶሎ ያበላዋል፤ ነገር ግን ከናይትሮጅን በቀር የሚሰጠው የለም፤ የአፈሩንም ነፍሳት አይመግብም። ኦርጋኒክ የሚባለው የአተካከል ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው።

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። አይደለም። ገጠር ያደጋችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ ከቤት አጠገብ ያለው ጓሮ ከሩቁ ማሳ ይልቅ ሁልጊዜ ለም ነው። በቆሎው የሚፋፋው፣ ጎመኑና ጌሾው የሚበቅለው እዚያው ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? አመዱ፣ እበቱና የቤት ጥራጊው በየዕለቱ የሚደፋው እዚያ ስለሆነ ነው። በጉራጌና በሲዳማም እንሰት ቤቱን ከቦ የሚተከለው የከብቱ ፍግ በቀላሉ እንዲደርሰው ነው። አልበርት ሃዋርድ የሚባለው እንግሊዛዊ የእርሻ ሊቅ በህንድ አገር በኢንዶር ከተማ ሲሠራ ከገበሬዎቹ ብዙ ተምሬአለሁ ብሎ፣ የብስባሽ አዘገጃጀቱን እ.ኤ.አ. በ1931 በመጽሐፍ አወጣ። ዛሬ በዓለም ኮምፖስት ሲዘጋጅ የሚሠራበት ዘዴ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም።

በአገራችንም የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ እንዲሁም ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ይመሩት የነበረው የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት፣ ከግብርና ባለሙያዎችና ከገበሬዎች ጋር በትግራይ ኮምፖስትን በገበሬው ማሳ ላይ ፈተኑ። ለበርካታ ዓመታት ምርቱ በሚዛን ተለካ። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጥፍ የሚጠጋ ምርት ሰጠ፤ በብዙ ሰብል ላይም ማዳበሪያ ከተደረገበት ማሳ እኩል ሆነ ወይም በለጠ። ዶክተር ተወልደ እ.ኤ.አ. በ2000 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሥራቸው ግን አለ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። በአምስት ነጥብ ከፍዬ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ብስባሽ ስለ ማዘጋጀት።

ኮምፖስት ለማዘጋጀት አራት ነገር ያስፈልጋል፦ ደረቅ ነገር፣ እርጥብ ነገር፣ ውሃና አየር። ደረቅ የምንለው ጭድ፣ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠልና የተከታተፈ የጫት ገረባ ነው። እርጥቡ ደግሞ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ገለፈት፣ የቡና አተላ፣ የታጨደ ሣርና እበት ነው። መሬቱ ላይ መጀመሪያ ጭራሮ ይነጠፋል፤ አየር እንዲያስገባ ነው። በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ፣ ከዚያ ሳሳ ያለ እርጥብ፣ ከዚያ ጥቂት አፈርና እፍኝ አመድ፤ እንዲህ እየተደራረበ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በክረምት ጉድጓድ አትቆፍሩ፤ ውሃ ይሞላበታል። ክምሩ ከመሬት በላይ ይሁን፤ በላዩም ኬሻ ወይም ላስቲክ ይልበስ። በበጋ ግን ጉድጓድ እርጥበት ስለሚይዝ ይሻላል።

ረዘም ያለ እንጨት መሐሉ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። በየሳምንቱ መዝዛችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። እንጨቱ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው እየተሠራ ነው። ደረቅ ከሆነ ውሃ ጨምሩ። የሚሸት ከሆነ ደግሞ ውሃው በዝቶ አየር አጥቶአል ማለት ነው፤ አገላብጡትና ጭድ ጨምሩበት። ባለፈው ስብሰባ «ሰፈሩን ሊያገማብን ነው» ያሉ ወንድም ነበሩ። በደንብ የተያዘ ብስባሽ ክረምት ላይ እንደሚሸተው የጫካ አፈር ነው የሚሸተው። በየወሩ አንድ ጊዜ እየተገላበጠ በእኛ አገር አየር ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል። ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለና ከምን እንደተሠራ የማይለይ ሲሆን ደረሰ በሉ።

የማይገባበትን ልንገራችሁ፦ ሥጋ፣ አጥንትና ስብ አይጥ ይጠራሉ። የውሻና የድመት ኩስ በሽታ አለበት። ፌስታልና ላስቲክ ከቶ አይበሰብስም። ደግሞም ትኩስ ፍግ፣ በተለይ የዶሮ ኩስ፣ ተክል ያቃጥላል፤ በጥሬው በሚበላ ሰላጣ ላይ ማድረግ ደግሞ የሆድ ትል ማብላት ነው። መጀመሪያ ይብሰል።

ሁለተኛ፣ ስለ እኛ ሰፈር አፈር።

ከቦሌ እስከ ጎሮ፣ ወደ ቡልቡላና ወደ አቃቂ ሜዳውን የያዘው አብዛኛው መረሬ ነው። ጥቁር አፈር። ጠባዩን ሁላችንም በጫማችን እናውቀዋለን፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይያያዛል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። መረሬ ምግብ ያለው አፈር ነው። ችግሩ ውሃ አያሳልፍም፤ ሥሩ ይታፈናል። መፍትሔው መደብ ከፍ ማድረግ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ በእጁ አፈሩን እየዛቀ መደብና ፈሰስ የመሥራት ልማድ አለው። እዚሁ ጉርድ ሾላ ግቢው ያለው፣ ቀድሞ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። እኛ ግን በሬ አያስፈልገንም፤ አካፋና ዶማ ይበቃናል።

መደቡ አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲም ይስፋ፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሐሉ ድረስ እንዲደርስ ነው። ከፍታው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይሁን። አንዴ ከተሠራ በኋላ ማንም አይርገጠው። በየወቅቱ በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ባልዲ ያህል ብስባሽ ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቀል። ከዚያ በችግኞቹ መካከል ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝበት። ጉዝጓዝ የበጋውን ፀሐይ ይከላከላል፣ ውሃ ይቆጥባል፣ አረም ያፍናል፣ በኋላም እርሱ ራሱ በስብሶ አፈር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ማፈራረቅና ማሰባጠር።

አንድ መደብ ላይ በየዓመቱ ጎመን ብቻ ከተተከለ የጎመን ተባይ እዚያው ቤቱን ይሠራል፤ አፈሩም ጎመን የሚፈልገውን ምግብ ይጨርሳል። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠል ከተነሣ በኋላ ሥራ ሥሩ፣ ማለትም ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሽንኩርት ይግባ። ከዚያ ባቄላ፣ አተር ወይም ፎሶሊያ ይከተል። የባቄላን ሥር ነቅላችሁ ብታዩ ትንንሽ እባጮች አሉበት፤ በውስጣቸው ያሉት ነፍሳት ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። እህሉ ሲሰበሰብ ግንዱ ይታጨድ እንጂ ሥሩ አይነቀል፤ እዚያው ይበስብስ። ድንችና ቲማቲም ግን አይከታተሉ። ዘመዳሞች ስለሆኑ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። ቃሪያም የእነርሱው ወገን ነው።

አራተኛ፣ ተባይ ሲመጣ።

ተባይ አይመጣም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ይመጣል። ግን በየማለዳው ቅጠሉን ገልብጦ የሚያይ ሰው ሳይበዛ ይደርስበታል። ለክሽክሽ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ ከቅጠሉ ሥር መርጨት ነው። ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርትና አንድ እፍኝ ሚጥሚጣ ወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ አሳድሮ፣ በማግሥቱ በጨርቅ አጥልሎ በአምስት ሊትር ውሃ አቅጥኖ መርጨትም ይረዳል፤ ዓይናችሁን ጠብቁ። ለቆራጭ ትል በችግኙ ዙሪያ አመድ መነስነስ፣ ወይም ማለዳ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ በእጅ መልቀም ነው። ጥቁር ነጥብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ ግን አትግደሏት፤ እርሷና ልጆቿ ክሽክሽ ነው የሚበሉት። እኔ ያን ዓመት በመርዙ ክሽክሹን ስገድል እርሷንም ገድዬአት ነበር። ለዚህ ነው ክሽክሹ በወሩ ተመልሶ ሲመጣ የሚበላው ያጣው።

አምስተኛ፣ ውሃ። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

በከተማችን ብዙ አትክልት በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ ይለማል። ወደ እነዚህ ወንዞች የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤትም ፍሳሽ ሲገባ ኖሮአል። በዚህ ውሃ በለማ አትክልት ላይ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ መገኘታቸውን ያሳዩ ምርመራዎች ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ ወጥተዋል። ጀርም ቢሆን ማጠብና ማብሰል ያስወግደዋል። በሥሩ ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን በማጠብም በመቀቀልም አይሄድም። እንግዲህ ዩሪያ አልነካውም፣ መርዝ አልተረጨበትም ቢባል፣ በዚያ ውሃ የበቀለ አትክልት ምኑ ላይ ነው ንጹሕ የሚሆነው?

እኛ ጣሪያ አለን። የድንኳን ማስቀመጫችን ቆርቆሮ አርባ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን አንድ ሺህ ሊትር፣ ማለት አምስት በርሜል ሙሉ ከጣሪያችን ወርዶ ወደ ቦይ ይሄዳል። አሸንዳ አድርገን ብንይዘው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ላሉት ሳምንታት ይሆነናል። ከዚያ ወዲያ ከቧንቧ መቅዳት ሊያስፈልግ ነው፤ ይህን ወጪ አልደብቃችሁም።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አባሎቻችን «እኛስ መሬት የት አለን?» ትሉ ይሆናል። ጆንያውን እኛ አዲስ አበቦች «ማዳበሪያ» ብለን ነው የምንጠራው፤ ዱሮ ማዳበሪያ ይመጣበት ስለነበር ስሙ በዕቃው ላይ ቀረ። እንግዲህ ያን ጆንያ ግማሹን አፈር፣ ግማሹን ብስባሽ ሙሉና በረንዳ ላይ አቁሙት። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ያበቅላል። ያኔ ስሙ ትክክል ይሆናል።

ስለ ድካሙና ስለ ጉድለቱም እውነቱን ልናገር። ብስባሽ ተአምር አይደለም። በመጀመሪያው ወቅት ምርቱ ሊያንስ ይችላል፤ አፈሩ እስኪድን ጊዜ ይፈልጋል። የዚህችን አገር ማሳ ሁሉ ያለ ማዳበሪያ ማረስ ይቻላል ወይ የሚለውንም ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። ለስልሳ ካሬ ሜትር ቦታ ግን ከጓዳችን የሚወጣው ይበቃል። በተረፈ ጎመን ለሰው ብንሸጥ «ኦርጋኒክ» ብለን ማስታወቂያ አንለጥፍ። ለዚያ ስም የራሱ ሕግ አለው፤ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓ.ም. ወጥቶአል። እኛ ያለ መርዝ ያበቀልነው ነው ካልን ይበቃናል፤ እውነትም ነው።

ወደ ማጠቃለያው ልምጣ። ለቅሶ ሲደርስ እናቶቻችን ለሐዘንተኛው ቤት ሲያበስሉ የሽንኩርቱን፣ የድንቹንና የጎመኑን ልጣጭ ስንት ጆንያ እንደሚያወጡ አይታችኋል። የሚያነሣው መኪና እስኪመጣ በበሩ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ይሰበስባል። ከዚያ ወደ ከተማው የቆሻሻ ክምር ይሄዳል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በቆሼ ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን በላያቸው ላይ ሲጭንባቸው ሁላችንም አልቅሰናል። ያ ክምር እኛ ሁላችን የጣልነው ነው፤ አብዛኛውም የሚበሰብስ ነገር ነበር።

ዕድራችን አባል ሲሞት የሚሰጠውን ይሰጣል፤ ድንኳኑን ይተክላል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ በኋላስ? ባል የሞተባት እናት በአርባኛው ቀን ለወጧ ጎመን ከየት ታመጣለች? ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን «ከዕድሩ የተሰጠኝን ገንዘብ በሁለት ወር ለአትክልትና ለዘይት ጨረስኩት» ብለው ሲነግሩኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። የመኪናው ኪራይ ገንዘብ ያመጣል፤ እቀበላለሁ። ለእርሳቸው ግን በየሳምንቱ አንድ እቅፍ ጎመን አያመጣም።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ቦታይቱ ለአንድ ዓመት ለሙከራ ትሰጠን። አምስት ሜትር የሚረዝሙ ስድስት መደቦች እንሠራለን። የሁለቱ ምርት ባለፉት ሁለት ዓመታት ሐዘን ለደረሰባቸው ቤቶች ይሁን። የአራቱን የሚሠሩት አባላት ይካፈሉት። ከእያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ባልዲ ልጣጭ፣ በወር አንድ ቀን ጉልበት እንጠይቃለን። ወጪው ሁሉ ለገንዘብ ያዣችን በደረሰኝ ይቀርባል። በዓመቱ እዚሁ ቆሜ ስንት እንደተሰበሰበና ስንት እንደጠፋ በቁጥር አስረዳለሁ። ካልሆነ መደቡን ራሴ አፍርሼ ቦታይቱን ለመኪናው አስረክባለሁ።

የመኪና ማቆሚያውን አሳብ ያመጡት ወንድሞችም ከውሳኔው በፊት በዚህ ሳምንት ወደ ጓሮዬ ብቅ ብለው አፈሩን በእጃቸው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ቡና እናፈላለን። አተላውን ግን አትደፉብኝ፤ ለክምሩ እፈልገዋለሁ።